ጋሽ ይርዳውን ማን ያስነሳቸው?

ተረት ተረት ስላችሁ፣ እንደለመደባችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። የዛሬው ላም የለበትም። «የጉልበት» በሉኝና እንቀጥል።

ጋሽ ይርዳው የሚባሉ አንድ ሰው አክባሪ አዛውንት ነበሩ። ሰው ወደ ቤታቸው ሲገባ ቁጭ ብለው አያውቁም። እንግዳው ትልቅ ሆነ ትንሽ፣ ብድግ ብለው «ኖር» ይላሉ፤ እንግዳውም «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጣቸዋል። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ ለሚመጣው ሰውዬ እንኳ ይነሱ ነበር። በስተርጅና ጉልበታቸው ሲያልቅ ሐኪም ቤት ገቡና የብረት ጉልበት ተተከለላቸው። ከዚያማ ማን ይቻላቸው። «እንግዲህ እንደ ጎረምሳ ነው የምሮጠው» እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ ጉራቸውን ነዙ። ኋላ ጣጣ ያመጣው ያ ጉራ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ጉልበቱ አበጠ፣ ቀላ፣ አልታጠፍ አልዘረጋ አለ። በዚያው ሰሞን ለልጃቸው ለፋናዬ ሽማግሌ ተላከ። ፋናዬ ልጁን ትወደዋለች፤ እናቷ እትዬ ሙላቷም ወደውታል፣ ጋሽ ይርዳውም ወደውታል። ግን ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ጋሽ ይርዳው ወንበራቸው ላይ እንዳሉ «ኖር» አሉ። ተቀምጠው! የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ወልደሰማያት ፊታቸው ጠቆረ። «በብረት ጉልበት እሮጣለሁ ሲል የከረመ ሰው ለኛ ካልተነሳ፣ ልጄን አልሰጥም ማለቱ ነው» ብለው በመጡበት እግራቸው ተመለሱ። ስንት ተለምነው፣ «ለዳግማይ ትንሣኤ አንዴ እንመጣለን፤ ያን ቀን ካልተነሳ ሌላ ቤት እንጠይቃለን» ብለው ላኩ።

«ታምሜ ነው በላቸው እንጂ» አሉ እትዬ ሙላቷ።

«እኔ ይርዳው ለሽማግሌ ሰበብ አልደረድርም» አሉ ባልየው። ፋናዬ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እትዬ ሙላቷ ነጠላቸውን አጣፉና በቀጥታ ወደ ጉልበቱ ዞሩ።

«አንተ ጉልበት፣ ባሌን አስነሳልኝ። ለአንዲት ኖር ብቻ።»

«አላስነሳም» አለ ጉልበቱ። «ብረቱ መቼ ደገፈኝ?»

«አንተ ብረት፣ ጉልበቱን ደግፍልኝ። ጉልበቱ ባሌን አላስነሳ አለ፣ ፋናዬም ሳታገባ ልትቀር ነው።»

«አልደግፍም» አለ ብረቱ። «ጀርም ሰፍሮብኝ ራሴን መቻል አቅቶኛል። መጀመሪያ እሱ ይልቀቀኝ።»

«አንተ ጀርም፣ ብረቱን ልቀቅ። ብረቱ ጉልበቱን አልደግፍ አለ፣ ጉልበቱ ባሌን አላስነሳ አለ፣ ፋናዬም ሳታገባ ልትቀር ነው።»

«ምን ሲደረግ» አለ ጀርሙ። «ቤት ሠርቼ፣ በዝልግልግ ጭቃ መርጌ፣ ልጆች ወልጄ እየኖርኩ ነው። አሁን ውጣ ብትይኝ የት እገባለሁ?» እውነቱን ነው፤ በዚህ ዘመን ቤት ያገኘ ተከራይ መቼ ይለቃል።

እትዬ ሙላቷ ጋሽ ይርዳው ሐኪም ቤት ወደሚወጉት መርፌ ሄዱ። «አንተ መርፌ፣ ጀርሙን ግደልልኝ። ጀርሙ ብረቱን አልለቅ አለ፣ ብረቱ ጉልበቱን አልደግፍ አለ፣ ጉልበቱ ባሌን አላስነሳ አለ፣ ፋናዬም ሳታገባ ልትቀር ነው።»

መርፌው አፈረ። «በደም ሥር እየገባሁ ስንቴ በሩን ደበደብኩ መሰለሽ። ምርጉ አላስገባ አለኝ። ግድግዳውን የሚያፈርስ ካልተገኘ አልገድለውም።»

እንግዲህ መርፌው ጀርሙን አልገድል አለ፣ ጀርሙ ብረቱን አልለቅ አለ፣ ብረቱ ጉልበቱን አልደግፍ አለ፣ ጉልበቱ ጋሽ ይርዳውን አላስነሳ አለ። እትዬ ሙላቷ ይህንኑ ሳያጓድሉ ለዶክተር ሐመልማል ነገሯት። ጀርም በመመርመር የታወቀች ወጣት ሐኪም ናት፤ ጆሮዋን ሰጥታ ሰማቻቸው።

«እማማ፣ ግድግዳውን የሚበላ አለ» አለቻቸው። «ጀርም በል እንበለው። ከጀርምም በጣም የሚያንስ ቫይረስ ነው፤ ሰው አይነካም፣ ምግቡ ጀርም ብቻ ነው። ግን መራጭ ነው፤ የአንዱን ጀርም የሚበላው የሌላውን ዞር ብሎ አያይም። የጋሼን ጀርም የሚወደውን መፈለግ አለብን።»

«ጎሽ። የት ይገኛል?»

«ጀርም በበዛበት። ከገበያው በታች ካለው ቦይ ይሞከራል።»

 «የኔ ልጅ፣ መድኃኒት ከጠበል ሲቀዳ ነው የማውቀው» አሉ እትዬ ሙላቷ። ቢሆንም ለፋናዬ ሲሉ ጠርሙስ ይዘው ወረዱ። አፍንጫቸውንም ጥርቅም አድርገው ያዙ።

«አንተ ቦይ፣ ጀርም በሉን ስጠኝ። መርፌው ጀርሙን አልገድል አለ፣ ጀርሙ ብረቱን አልለቅ አለ፣ ብረቱ ጉልበቱን አልደግፍ አለ፣ ጉልበቱ ባሌን አላስነሳ አለ፣ ፋናዬም ሳታገባ ልትቀር ነው።»

«አልሰጥም» አለ ቦዩ። «ቆሻሻችሁን የምሸከም እኔ፣ አፍንጫ የሚያዝብኝ እኔ። አንድ ሰው ደህና ዋልክ ብሎኝ አያውቅም።»

እትዬ ሙላቷ ደነገጡ። ሰላምታ ነፍገው አያውቁማ። አፍንጫቸውን ለቀቁና፣ ዓይናቸው እያለቀሰ፣ «ደህና ዋልክ ወይ፣ ቤተሰብ ደህና ነው?» አሉት። ቦዩ አንጀቱ ራሰ። ጠርሙሱን ሞልቶ ሰጣቸው።

ዶክተር ሐመልማል ውሃውን አጣራች፣ ቆሻሻውን ደፋች፣ የቀረውን ከጋሽ ይርዳው ጉልበት የወሰደችው ጀርም በበቀለበት ሰሃን ላይ ጠብ አደረገች። ይኸው መጣ ብለው ሁለቱም ጎንበስ አሉ።

«አይ፣ አልበላም» አለ ጀርም በሉ በቀጭን ድምፅ። «ይመስገን፣ በልቼ ነው የመጣሁት።»

ይሄኔ ጀርም በሉ ግድግዳውን አልበላ አለ፣ መርፌው ጀርሙን አልገድል አለ፣ ጀርሙ ብረቱን አልለቅ አለ፣ ብረቱ ጉልበቱን አልደግፍ አለ፣ ጉልበቱ ጋሽ ይርዳውን አላስነሳ አለ፣ ፋናዬም ሳታገባ ልትቀር ነው። ዳግማይ ትንሣኤ ደግሞ እየደረሰ ነው።

ዶክተር ሐመልማል በረጅሙ ተነፈሰች። «ይሄኛው አልሆነም፤ ሌላ ቦይ እንፈልግ» ብላ ሰሃኑን ልታነሳ እጇን ዘረጋች።

እትዬ ሙላቷ እጇን ያዙ። «ቆይ እንጂ ልጄ። አንቺ የት አገር ነው ያደግሽው? እንግዳ አልበላም ስላለ ሰሃን ይነሳል? ለመሆኑ ሲገባ ማን ተነሳለት?»

ዶክተሯ አሰብ አደረገች። እውነትም ማንም አልተነሳም። ሳቋ መጣ፤ እናቷ ቤት እንግዳ ሲመጣ የሚሆነው ሁሉ ትዝ አላት። ሁለቱም ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ብድግ አሉ።

«ኖር» አሉ።

«በእግዜር፣ በእግዜር» አለ ጀርም በሉ። «ኧረ በጊዮርጊስ አትነሱ።»

«እስቲ ቅመስ» አሉ እትዬ ሙላቷ።

«ጠግቤያለሁ ስልዎ።»

«አንዲት ጉርሻ፣ አፈር ስሆን።»

«ኧረ አይገባም...»

«እኔ ልሙት» አለች ዶክተር ሐመልማል።

«እንግዲህ እንዲህ ካላችሁማ» አለና ጎረሰ። አንዴ ከጎረሰ ማን ይመልሰው። በላ፣ በላና ዘመዶቹን ጠራ፤ አንዱ መቶ ሆነ፣ መቶው አገር ሆነ። በማግስቱ ሰሃኑ ላይ ጀርም የነበረበት ቦታ ጥርት ብሎ ተገኘ። ዶክተሯ እንግዶቹን አጥባ አጥልላ ወደ ጋሽ ይርዳው ጉልበት አስገባቻቸው፣ መርፌውንም አስከተለች።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ጀርም በሉ ግድግዳውን በላ፣ መርፌው ጀርሙን ገደለ፣ ጀርሙ ብረቱን ለቀቀ፣ ብረቱ ጉልበቱን ደገፈ፣ እብጠቱ ጎደለ፣ ትኩሳቱ በረደ።

ዳግማይ ትንሣኤ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ታዩ፤ አቶ ወልደሰማያት ከፊት፣ ፊታቸው እንደጠቆረ። ፋናዬ ጓዳ ውስጥ ትንፋሿን ይዛለች። እትዬ ሙላቷ ጉልበቱን በዓይናቸው ተማጸኑት። ጉልበቱም ጋሽ ይርዳውን አስነሳ።

«ኖር» አሉ ጋሽ ይርዳው፣ ቀጥ ብለው ቆመው። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

አቶ ወልደሰማያት ቆም አሉ። ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው። «በእግዜር» አሉ ቀስ ብለው፣ «በእግዜር፣ ይቀመጡ ወንድሜ።»

ጋሽ ይርዳው ግን አልቀመጥ አሉ። ስንት ቀን የናፈቁትን መቆም በቀላሉ የሚለቁ መሰላችሁ? ልጃቸውን እንደቆሙ ሰጡ፣ እንደቆሙ መረቁ። ፋናዬም ከጓዳ ወጥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

በሠርጉ ማግስት እትዬ ሙላቷ በገበያው በኩል ሲያልፉ ቦዩ ዘንድ ቆሙ። አፍንጫቸውን አልያዙም። «ደህና ዋልክ ወይ? ልጃችን ተዳረች» አሉት።

የኔ ተረት እዚህ ላይ አበቃ። ተረቴን መልሱ፣ ሰው ሲገባ ተነሱ።