ጅግራና ከጥብጣቡ ጀርባ ያለው ክር

እስቲ ጆሯችሁን ወዲህ አዙሩልኝ። እንስሳ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ ጎረቤትም ጎረቤቱን ሲታዘብ በሚውልበት በዚያ በጥንቱ ዘመን የሆነ ነው። ቆሜ አላየሁም፤ ግን እንዳየ ሰው አድርጌ እነግራችኋለሁ።

በአንድ የደረቀ ወንዝ ዳር እንስሳት ይኖሩ ነበር። ውሃው ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀረው አሸዋ ብቻ ነው። አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ለእንቁላል ይመቻል። ቆቅ እዚያው ጣለች። ጅግራም ከቆቅ ጎን እዚያው ጣለች። ሁሉም ግን አንድ ነገር ያውቃል፤ ላይኛው አገር ዝናብ የጣለ ለት ወንዙ ይመጣል። እዚህ ፀሐይ እያለ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ይመጣል። ለዚህም የመንደሩ ሽማግሌ የሆነው የአያ ዝሆን እህት፣ ላይኛው አገር ያለችው፣ ዝናቡ ሲጀምር መልእክት እልካለሁ ብላለች። መልእክቷ ከወንዙ ከቀደመ ሁሉም ይተርፋል።

መልእክት የሚሄደው በጉንዳኖች መንገድ ነው። የሁሉም ጥቅል በዚያች በአንዲት መንገድ ነው የሚያልፈው፤ የጦጣው ጨው፣ የከርከሮው ሥራሥር፣ የንቦቹ ምስጢር፣ ሁሉም እየተከታተለ። ጥቅሉ ከላይ የኮባ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ላይ መጀመሪያ የተቀባዩ ምልክት አለ፣ ቀጥሎ የአቀባዩ ምልክት አለ፣ ከዚያ አንድ የተቋጠረ ክር አለ። ጉንዳኖቹን "ውስጡ ምንድን ነው?" ብትሏቸው "እኛ ምን አግብቶን፤ ለማን እንደሆነ ካየን ይበቃናል" ብለው ያልፋሉ።

ውስጡን የምታውቀው እትዬ ፍልፈል ነበረች።

ፍልፈል ዓይኗ እምብዛም ነው። ጣቷ ግን ጉድ ነው። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ትቀመጥና ጥቅሉን ትዳስሳለች። የክሩ ቋጠሮ "ውስጤ ጥሪ ነው" ካላት፣ እገሌ ቤቱ የት ነው እያለ የሚጣራ ጥቅል ነውና ቅርፊት አትፈልግበትም። "ውስጤ ቅርፊት ነው" ካላት ቅጠሉን ፈታ ከሥሩ የተጠቀለለውን የዛፍ ቅርፊት ትዳስሳለች። የዋናው ላኪ ምልክት ያለው እዚህ ነው፤ ቅጠሉማ በየመንደሩ ይቀየራል፣ ቅርፊቱ ግን ከላኪው ቤት እንደወጣ ነው። ቅርፊቱም የራሱ ክር አለው፤ "ውስጤ ቅል ነው" ይላታል። ቅሉ አፍ ላይ በየትኛው በር እንደሚገባ ተቀርጿል። በማድቤት በር ከሆነ እህል ወይ ጨው ነው፣ በጆሮ በር ከሆነ ወሬ ነው። ፍልፈል ግን በሩንም አታምን፤ ታሸታለች። "በማድቤት በር ወሬ የሚያስገባ ስንት አለ" ትላለች። ከዚያ እንደነበረ ጠቅልላ ለጉንዳኖቹ ትመልሳለች። አንዱ ለሌላው እየነገራት ነው ወደ ውስጥ የምትገባው፤ ዘላ አትገባም።

እንግዲህ ጥቅሉ የጠፋበት፣ የዘገየበት፣ የተምታታበት ሁሉ ወደ ፍልፈል ነው። ባዶ እጁን የሚመጣም የለም። ይህን ጊዜ የጅግራ አንጀት አረረ።

"አየሻት?" አለቻት ለቆቅ።

"ማንን?"

"ፍልፈልን ነዋ። ዛሬ ከርከሮ ሥራሥር ተሸክሞ መጣላት። ቀደም ሲል ጦጣ ነበር። እኔ ጭልፊትን ገና ከደመና ሳይወርድ የማየው፣ ለእኔ ማን ምን አመጣልኝ?"

"አንቺ ምን ሠራሽና?"

"እሷስ ምን ሠራች? ቅጠል መፍታት ሥራ ሆነና።"

ፍልፈልም ብትሆን አፏ ደህና አልነበረም። ጅግራ ልታይ ጠጋ ስትል "ወዲያ በይልኝ እህቴ፣ አቧራሽ ያስነጥሰኛል" ትላታለች፤ ሰው ፊት። ጅግራ ዛፍ ላይ ወጥታ ከላይ ታይ ጀመር። አንደኛ ተቀባይ፣ ሁለተኛ አቀባይ፣ ሦስተኛ ክር። ከዚያ ቅርፊት፣ ከዚያ ቅል። "ይኸው ነው? ለዚህ ነው እንዲህ የሚኮራው?" አለች።

አንድ ቀን አያ ዝሆን ባለበት ከንቦቹ የመጣ ጥቅል ደረሰ። ፍልፈል ዳሰሰችና "ከንቦቹ ነው፣ ለጦጣ ነው፣ ከበድ ይላል። ውስጡን ግን በሰም አሽገውታል፤ አላውቅም" አለች።

"አላውቅም?" አለች ጅግራ ከዛፉ ላይ። "ሰሙልኝ አያ ዝሆን? ተቀምጣ የምትበላው አላውቅም ለማለት ነው?"

አያ ዝሆን ጆሮውን አራገበ። በሌላው ቀን ሌላ በሰም የታሸገ መጣ፤ ፍልፈል አላውቅም አለች፣ ጅግራ ያንኑ አለች፣ አያ ዝሆን ጉሮሮውን ጠረገ። በሦስተኛው ጊዜ ጅግራ ከዛፉ ወርዳ ፊቱ ቆመች። "አያ ዝሆን፣ የእህትዎ መልእክት ሲመጣም አላውቅም ብትልዎትስ? ልጆቻችን እኮ አሸዋ ላይ ናቸው። እኔ ብሆን አላውቅም የሚባል ቃል ከአፌ አይወጣም።"

የእህቱ ስም ሲነሳ አያ ዝሆን ፈራ። "እስቲ እንግዲህ ጅግራ ትሞክረው" አለ። ፍልፈል ጉድጓዷ ገባች። ጅግራም ድንጋዩ ላይ ወጥታ ላባዋን ነፋች።

የመጀመሪያው ጥቅል መጣ። ተቀባይ፣ አቀባይ፣ ክር፤ ቅርፊት፣ ቅል፣ የማድቤት በር። "ከከርከሮ ቤት የመጣ ሥራሥር ነው" አለች። እውነትም ሥራሥር ሆነ። ቆቅ "አቤት እህቴ" አለቻት።

ሁለተኛው መጣ፤ በሰም የታሸገ። ጅግራ አንዴ ነካ አድርጋ "ማር ነው" አለች። ማር ይሁን አይሁን ማን ያውቃል? ጉንዳኖቹ ይዘውት ሄዱ። አያ ዝሆን ግን ደስ አለው፤ ቁርጥ ያለ መልስ ሰማ።

ሦስተኛው መጣ።

ይህ ጥቅል የመጣው በጉማሬዎቹ መንደር አልፎ ነው። ጉማሬዎች ደግሞ ልማድ አላቸው፤ የአንዱ መንጋ ጥቅል ከሌላው መንጋ እንዳይቀላቀል ብለው በሚያልፈው ላይ ጥብጣብ ይጨምራሉ። ጥብጣቡ የሚገባው ካቀባዩ ምልክት ቀጥሎ፣ ልክ ክሩ በሚቀመጥበት ቦታ ነው። ክሩን ወደ ኋላ ይገፋዋል እንጂ አያጠፋውም።

ጅግራ ዳሰሰች። አንደኛ ተቀባይ፤ አያ ዝሆን። ሁለተኛ አቀባይ፤ ጉማሬ። ሦስተኛ... ወፈር አለባት። ሦስተኛው ክር ነው ብላ የለ፣ ጥብጣቡን ክር አደረገችው። ከጀርባው ያለውን ክር የቅርፊት ምልክት አደረገችው፤ ያም ላኪውን ስላልነገራት ላኪውም ያው አቀባዩ ጉማሬ ነው አለች። ቅርፊቱን ቅል አደረገችው። ቅርፊቱ ላይ የተቀረጸውን ትልቅ ክብ የእግር ምልክት ስትነካ ደግሞ ክብ የማድቤት በር ነው አለች። አንዱ ሲዛነፍ የተከተለው ሁሉ ተዛነፈ።

ልቧ ጥርጥር አላለውም አልላችሁም። ብሎታል። ግን አላውቅም ብትል ፍልፈል ልትጠራ ነው። ፍልፈል እየዳሰሰች፣ ሰዉ ከቧት፣ እሷ ከታች ቆማ፣ ይህ ሁሉ ታያት። ስለዚህ ዋጠችው።

"ከጉማሬዎቹ የተላከ ጨው ነው" አለች።

"ከእህቴ የመጣ ነገር የለም?" አለ አያ ዝሆን።

"የለም።"

"ጉማሬ እኮ ጨው ልኮልኝ አያውቅም።"

"ዘንድሮ ትዝ ብለዋቸው ይሆናላ።"

"በሉ እንግዲህ ጥላ ውስጥ አኑሩት" አለ አያ ዝሆን። ጉንዳኖቹም ጥላ ያለበት ቦታ ፈልገው የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጣሉት።

ፍልፈልም ውስጥ ሆና ጅግራ በተሳሳተች እያለች ስትመኝ ነበር፤ ልደብቅላት አልችልም። ጣቷ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከጉድጓዷ ሰደድ አድርጋ ጥቅሉን ነካች። ተቀባይ። አቀባይ። ጥብጣብ። "አንተ ክር አይደለህም፣ የጉማሬዎቹ ነህ፤ ክሩ ከጀርባህ ነው" አለችና እጇን ወደ ኋላ አሳለፈች። ክሩ "ውስጤ ቅርፊት ነው" አላት። ቅርፊቱ ላይ ትልቅ ክብ እግር። የቅርፊቱ ክር ወደ ቅል መራት። ቅሉ አፍ ላይ የጆሮ በር።

ፍልፈል ፀሐይ የማይስማማት፣ ፀሐይ ላይ ወጣች።

"አያ ዝሆን፣ ይህ ጨው አይደለም። የእህትዎ ነው። ወንዙ እየመጣ ነው።"

"ቦታዬን ልትቀማኝ ነው" አለች ጅግራ። "ከጉማሬ ነው አልኩኝ፣ ምልክቱ ይኸው።"

"ያቀበለው ጉማሬ ነው፣ የላከው ሌላ ነው። ከጥብጣቡ ጀርባ ዳስሺው።"

"አንቺ ነሽ ደግሞ እኔን የምታስተምሪኝ?"

አያ ዝሆን መልስ አልጠበቀም። የኩምቢውን ጫፍ ከጥብጣቡ ጀርባ አስገብቶ ቅርፊቱን ዳሰሰና ቆመ። "የእህቴ እግር ነው" አለ።

ከዚያ ወዲያ መንደሩ ተነሣ። ከርከሮ ልጆቹን አስከትሎ ወደ ኮረብታው፣ ጦጣ ልጁን አዝሎ ወደ ኮረብታው። አያ ዝሆን የቆቅን እንቁላሎች በኩምቢው ቀስ እያለ አነሣላት። ቆቅ ዞር ብላ "ጅግራ፣ እንቁላሎችሽን፤ አያ ዝሆን እያለ" አለቻት።

"አንቺም ከእሷ ጋር ሆንሽ?" አለች ጅግራ። ከድንጋዩ አልወረደችም። ከወረድኩ ፍልፈል ትቀመጥበታለች አለች በሆዷ። "እናያለን። ሰማዩ እንዲህ ጠርቶ ምን ወንዝ ነው የሚመጣው? ስትመለሱ እዚሁ ታገኙኛላችሁ።"

ድምፁ መጣ። መጀመሪያ እንደ ንፋስ፣ ቀጥሎ እንደ ወፍጮ። ጅግራ ያን ጊዜ ወደ አሸዋው በረረች። አሸዋው አልነበረም።

ኮረብታው ላይ ሁሉም ቆሞ ድፍርሱን ውሃ ያያል። ጅግራ በመጨረሻ መጣች፣ እግሯ ጭቃ፣ ክንፏ ውሃ። ሁሉም ዓይኑን ከእሷ ላይ አሸሸ። ፍልፈል ግን ዓይኗ አያይ፣ የሆነውን አላወቀች፣ በክንፏ ድምፅ ለየቻትና ጠጋ ብላ "እህቴ፣ እንቁላሎችሽን የት አደረግሻቸው?" አለቻት።

ጅግራ ውሃውን አየች። ያ ሁሉ ጭልፊት የሚለይ ዓይን፣ ውሃው ላይ ምንም አላገኘም።

"አላውቅም" አለች።

ያን ቀን የአንገቷን ላባ በጥፍሯ ነጨችው፤ የጅግራ አንገት እስከ ዛሬ ራቁቱን የሆነው ለዚያ ነው ይላሉ። ፍልፈል ወደ ድንጋይዋ ተመለሰች። አላውቅም ባለች ቁጥርም አያ ዝሆን "አመሰግናለሁ ልጄ" ይላት ነበር።

ዛሬም ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር በሚያገናኘው፣ ኢተርኔት በሚሉት ገመድ ውስጥ እንደዚያ እንደ ጉንዳኖቹ ጥቅል የሚሮጥ ነገር አለ አሉ፤ የሚመረምረውም መሣሪያ በፍልፈል ደንብ ነው የሚሄደው። ከላይ ጀምሮ አንዱን ገልጦ፣ ቀጣዩ ምን እንደሆነ ከዚያው ከገለጠው ጠይቆ፣ ጥብጣብ ቢገባበት ጥብጣብ ነው ብሎ ከጀርባው ፈልጎ። የታሸገውን የታሸገ ነው ይላል፤ ማር ነው አይልም።

ጥብጣቡን መሳት ማንም ላይ ይደርሳል። ጅግራን የበላት ጣቷ ሲጠራጠር አፏን የዘጋባት ቅናቷ ነው። በጎረቤት ወንበር የቀና ሰው የራሱን ጎጆ የሚጠብቅበት ዓይን አይተርፈውም፤ እኔ ያየሁት ይህን ነው።

የያዝኩትን ነግሬ ጨረስኩ። እናንተም ጠቅልላችሁ ለጎረቤት አቀብሉ፤ ከራሳችሁ ጥብጣብ ግን አትጨምሩበት።