የፈተናው ብሎን

አንድ በመሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ የሚለማመድ ይትባረክ የሚባል የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነበር። የልምምዱ ሥራ ከባድ ብሎን የሚፈታ አዲስ መፍቻ ነድፎ፣ አሠርቶና ፈትኖ ማሳየት ነው። መፍቻው ካለፈ ዘንድሮ ከጓደኞቹ ጋር ይመረቃል፤ ከወደቀ ግን ለከርሞ ይቀራል።

ፈተናው ደግሞ ቀልድ አያውቅም። በፋብሪካው ልማድ፣ አዲስ መፍቻ የሚፈተነው በማሽን ጥርቅም ተደርጎ በታሰረ ትልቅ ብሎን ነው። ስንቱን የተለማማጅ መፍቻ ያጣመመ ክፉ ብሎን!

በፈተናው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ይትባረክን ፍርሃት አላስቀምጥ አለው። ሹልክ ብሎ ገባና ብሎኑን በሌላ መፍቻ ትንሽ አላላው። ምንም አልከበደውም። «እግዜር ሲረዳ እንዲህ ነው» አለና ምሳውን በሰላም በላ።

ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። ይትባረክ መፍቻውን ይዞ በኩራት ተጠጋ። ገና ነካ ከማድረጉ ብሎኑ ቋ ብሎ መሬት ወደቀ።

ኃላፊዋ ኢንጂነር ፈትለወርቅ «ማነው ይሄን የነካው?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ» አሉ የብየዳ ሠራተኛው ጋሽ ድንበሩ። «ልጁ ሲጨነቅ አንጀቴን በላኝ፤ ጠዋት ትንሽ ላላ አደረግኩለት።»

«እኔም ትንሽ...» አሉ የዕቃ ክፍሏ እትዬ ዘርፌ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ይትባረክም አንገቱን ደፍቶ «እኔም» አለ።

ኢንጂነሯ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ... እኔም ትናንት ወደ ቤት ስሄድ ነካ አድርጌው ነበር።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ሲበርድላቸው ኢንጂነሯ «ለመሆኑ መፍቻህ ይሠራል?» አሉት።

«እንጃ» አለ ይትባረክ። የደነገጠው ያን ጊዜ ነው።

ብሎኑ እንደገና በማሽን ታሰረ። ይትባረክ መፍቻውን ገጥሞ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ። መፍቻው ከአንገቱ ተቀነጠሰ፤ ስባሪው በጋሽ ድንበሩ ጆሮ አጠገብ ሽው ብሎ የቆርቆሮውን ግድግዳ በሳው። መፍቻው ቢያልፍ ኖሮ መጀመሪያ የሚሠሩበት እሳቸው ነበሩ።

ጋሽ ድንበሩ ጆሯቸው በቦታው መኖሩን በእጃቸው አረጋገጡና «ደግነቴ ሊገድለኝ ነበር!» አሉ።

ይትባረክ በዚያ ዓመት አልተመረቀም፤ አዘነ፣ አለቀሰም። በተከታዩ ዓመት ያመጣው መፍቻ ግን ብሎኑን ማንም ሳያግዘው ፈታው።

ወዳጆቼ፣ ለምንወደው ሰው ፈተናውን ስናቀልለት የረዳነው ይመስለናል። የሸፈንንለት ድክመት ግን አይጠፋም፤ አንድ ቀን ሰው ሊጎዳ ይችላል። እስቲ ራስዎን ይጠይቁ፦ ልጅዎን ወይም ተማሪዎን የሚረዱት እንዲያልፍ ነው ወይስ እንዲችል?