ለብቻ የቀረበ ሳህን

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄሽን መሸሼ አይደለም፣ አስካለ፤ «በሽታዬ ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ባስረዳቸው ይቀርቡኝ ይሆን?» ነው ያልሽኝ። እንግዲህ ስሚ።

ይህ ሰው እንዳንቺ ብዙ ሐኪም የማያውቀው የቆዳ በሽታ ነበረበት። ብብቱና አንገቱ ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ ደረቀ ሲሉት በሌላ ቦታ ይነሣል። ሸሚዙ ሲነካው እንኳ ያመዋል። የበሽታውን ስም ያገኘለት ሐኪም፣ ሲብስም ሲሻልም አብሮት እንደሚኖር፣ ግን ወደ ማንም እንደማይተላለፍ ነገረው። ሰውዬው ይህን ለማኅበርተኞቹ አንድ በአንድ አስረዳ። ሁሉም አመኑት። እግዜር ይማርህም አሉት።

ማኅበሩ በየወሩ በተራ ከቤት ቤት ይዞራል። ሌላው ሰው አንድ ትሪ ከብቦ ሲበላ ለእሱ ሳህን ለብቻ ይመጣለታል። «እንዳትጨናነቅ ብለን ነው» ይሉታል። ለዚያ ሁሉ ሰው ያልጠበበ ትሪ ለእሱ ሲሆን ይጠባል። እሱም አመስግኖ ይቀበላል። ከማኅበሩ እንዳይወጣ ፈርቶ ነው፤ ከሚስቱና ከእነሱ ሌላ ሰው አልነበረውም።

ተራው ደርሶ እሱ ደገሰ። ሚስቱ ትልቁን ትሪ አጥባ ስታወጣ ወደ ቦታው መለሰውና ከጎረቤት ሳህን ተውሶ መጣ። ማኅበርተኞቹ እጃቸውን ታጥበው ከተቀመጡ በኋላ በእያንዳንዳቸው ፊት አንድ አንድ ሳህን አኖረ። የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃቸው የሆነው ሽማግሌ፣ ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣

«ምን አድርገን ነው እንዲህ የምትለየን?» አለው።

«እንዳትጨናነቁ ብዬ ነው» አለ ሰውዬው።

ተነሥተው ወጡ። አንዱም አልቀመሰ። ሚስቱ ወጡን ወደ ድስቱ ስትመልስ ታለቅስ ነበር። በሚቀጥለው ወር ጥሪ አልመጣለትም። በሽታው ነው ያለ የለም፤ ትዕቢተኛ ሆኗል ተባለ።

አየሽ ልጄ፣ እሱ ለዓመታት የበላበትን ሳህን እነሱ ለአንድ ምሳ አልቻሉትም። ስለ በሽታው ግን ሁሉንም ያውቁ ነበር። ስለዚህ ንገሪያቸው፣ እውነት ነውና፤ ይቀርቡኛል ብለሽ ግን አትጠብቂ። ቁስሉ ያንቺ ነው፤ እንደምንም ታስታምሚዋለሽ። ሳህኑን ያመጡት እነሱ ናቸው። ነገ ለብቻሽ ሲያቀርቡልሽ «እግዜር ይስጥልኝ» አትበዪ።