ማሩ የደረሰበት

ፊታውራሪ አንዳርጌ ከበቅሎ ወድቀው ቅልጥማቸው ላይ ቆሰሉ። ቁስልን በማር በማዳን የታወቀች አንዲት ንብ አናቢ አስጠሩ። ሴትዮዋ አንድ ቅል ነጭ ማር አምጥታ፣ "ጠዋት ጠዋት ቁስሉን እየቀቡ በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅልሉት" ብላ ሄደች።

ማሩ በሦስት ቀን አለቀ። ፊታውራሪ ሌላ ቅል አስመጡ፤ እሱም አለቀ። አራተኛው ቅል ሲያልቅም ቁስሉ እንደነበረ ነው። ተቆጥተው ሴትዮዋን ሕዝብ በተሰበሰበበት አቆሟት።

"ማሬ መድኃኒት ነው ብለሽ አታለልሽኝ። አሁኑኑ መልስ ካልሰጠሽ ቀፎዎችሽን በሙሉ እወርሳለሁ!"

ሴትዮዋ ደነገጠች፤ ከቀፎዎቿ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ቀረብ ብላ ጨርቁን ፈትታ ብታይ፣ ቁስሉ ላይ የማር ጠብታ እንኳ የለም። ቀና ስትል የፊታውራሪ ጢም በማር ተለውሷል። "በልተውት ነው" ብትል ትልቅ ሰው በሕዝብ ፊት ማዋረድ ሊሆንባት ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ ቀፎዎቿ ሊሄዱ ነው።

"ጌታዬ" አለች እጅ ነስታ፣ "አፍዎ ውስጥ ቁስል አለ?"

"የለም!"

"ጉሮሮዎስ?"

"ደህና ነው።"

"ሆድዎንስ ያምዎታል?"

"ኧረ ምን ሆኖ!"

"እንግዲያው እርስዎው ይመስክሩልኝ ጌታዬ፤ ማሬ በደረሰበት ሁሉ ቁስል የለም። እግርዎ ዘንድ ግን ገና አልደረሰም።"

ፊታውራሪ ጢማቸውን ጠረግ አድርገው ከሕዝቡ ቀድመው ሳቁ። አምስተኛውን ቅል ግን ባለቤታቸው ተረከቡና በገዛ እጃቸው እየቀቡ አዳኗቸው።