ወንዝ መሀል የተገተረው ደምለው

ሰዎች ስለ «በሕግ አምላክ» የሚነገረውን አባባል ሲሰሙ ማጋነን ይመስላቸዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ታሪኩን ያጫወቱኝ የደብራችን መሪጌታ ግን እንኳን ሊያጋንኑ፣ የሆነውንም ቆጥበው የሚያወሩ ሰው ነበሩ። እሳቸውን ካመንኩ ወዲህ ነገሩን ባነሳሁ ቁጥር ተመስገን እላለሁ።

አያ ይርዳው የሚባሉ አንድ እግራቸውን የሚያነክሱ ሽማግሌ ነበሩ። ለዓመት ቀለብ ይሆነኛል ያሉትን ገብስ የጎረቤታቸው የደምለው በሬዎች ገብተው ድምጥማጡን አጠፉት። ደምለው ደግሞ ጉልበተኛ፣ ቁጡ ጎረምሳ ነው። ካሳ ቢሉት ተሳደበ፤ ሽማግሌ ቢልኩበት ውሻ ለቀቀባቸው። ዳኛ ዘንድ ሊከሱት መሆኑን ሲሰማ በሬዎቹን አስቀድሞ ወንዝ አሻገረና ተከተላቸው። ከወንዙ ወዲያ ሌላ ግዛት፣ ሌላ ዳኛ ነው። አንዴ ከተሻገረ ማን ያገኘዋል?

አያ ይርዳው እያነከሱ ወንዙ ዳር ሲደርሱ ደምለው ውኃው መሀል ነው። ሮጦ መያዝማ አይታሰብም። የቀራቸው አንድ ቃል ብቻ ነበርና ጮኸው ተጣሩ።

«ደምለው፣ በሕግ አምላክ ቁም!»

ቆመ። ያን ጊዜ እንዲህ የተባለ ሰው ከሳሹ መጥቶ የራሱን ነጠላ ከተከሳሹ ነጠላ ጋር ቋጥሮ ወደ ዳኛ እስኪወስደው ድረስ ከቦታው አይሄድም። ይህ ሞኝ ግን ወደ ዳር ወጥቶ መጠበቅ ሲችል፣ ስንዝር ብነቃነቅ አምላክን መድፈር ነው ብሎ በክረምት ወንዝ መሀል ተገተረ! በዚያ ሲያልፉ የነበሩ መምሬ ቸኮል የሚባሉ ቄስ፣ ላይ አገር ዘንቧልና ውጣ ቢሉት፣ የጠሩኝ መጥተው ይያዙኝ አለ። አያ ይርዳው ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ ውኃ ይፈራሉ።

ይኼኔ ጎርፍ ከሩቅ ሲያጓራ ተሰማ። ገብሱም ካሳውም ከአያ ይርዳው ልብ ጠፋ። በእኔ ቃል ሰው ሊሞት ነው ብለው እያማተቡ ገቡ። የአምላክ ሥራ፣ ወገብ ድረስ የነበረው ውኃ እየጎደለ እየጎደለ ሄዶ ከቁርጭምጭሚት በታች ሆነ። ላይ ገደል ተንዶ ወንዙን ገድቦት ነው የሚሉ አሉ። ይሁን፤ ገደሉን ማን ናደው? ነጠላቸውን ቋጠሩ፤ ደምለው ሽማግሌውን አዝሎ ዳር እንደወጣ ጎርፉ ዛፍ እያንከባለለ አለፈ።

ሁለቱም መሬት ስመው አለቀሱ።

«አያ ይርዳው፣ ለነፍሴ ብለው ነፍስዎን ሰጡ። እንግዲህ ወደ ወደዱት ይውሰዱኝ» አለ ደምለው።

ዳኛ ፊት ቀርቦ ጥፋቱን አልካደም፤ የአያ ይርዳውን የዓመት ቀለብ ከራሱ ጎተራ ሊሰፍርላቸው ቃል ገባ። ዳኛው ግን ነገሩ አልዋጥ አላቸውና፣ ይህን የሚያህል ጎረምሳ ሊያመልጥ ጥቂት ሲቀረው እኒህ አንካሳ ሽማግሌ በምን ጉልበታቸው አቆሙት ብለው ምስክሩን ጠየቁ። መምሬ ቸኮልም ቀና ብለው መለሱ፦ «ጌታዬ፣ በሕግ አምላክ ከተባለ እንኳን ሰው፣ ወራጅ ውኃም ይቆማል።»