ጅብ ለአህያ ሣር የተሸከመበት ዓመት

አንድ ጊዜ፣ አያ ጅቦ ለአህያ ሣር በተሸከመበት ዓመት፣ በአንድ ሰፊ መስክ ዳር አንዲት አህያ ትኖር ነበር። አትሳቁ፤ ጅብ እውነትም ሣር ተሸክሟል። እንዴት እንደተሸከመ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስለ አህያዋ ልንገራችሁ።

ይህች አህያ ሆዷን የምትወድ ነበረች። ገበሬዎቹ እህላቸውን ወቅተው ሲያበቁ እሷና ታላቅ እህቷ አውድማው ላይ ይሰፍሩና ከገለባው ሥር የቀረውን ፍሬ ሲለቅሙ ይውላሉ። ሆዳቸው ግራና ቀኝ ተነፍቶ፣ ሲራመዱ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ያያቸው ሁሉ «እንዴት ተመችቷችኋል! እንዴት አምሮባችኋል!» ይላቸዋል። እነሱም ደስ ይላቸውና ተመልሰው ወደ ገለባው ይገባሉ።

ከመስኩ ጫፍ አንድ ጥልቅ ፈፋ ነበር። ጅብ ሲመጣ የመስኩ አህዮች ሮጠው ፈፋውን ይዘልሉና ይድናሉ፤ ጅብ መዝለል ስለሚፈራ አፋፉ ላይ ቆሞ ይቀራል። አንድ ቀን ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጅብ መጣ። ሁለቱ እህትማማቾች ሮጡ፤ ዘለሉም። ታናሺቱ በፊት እግሮቿ አፋፉን ቧጥጣ፣ በሆዷ ተንፏቅቃ በመከራ ወጣች። ታላቂቱ ግን አልደረሰችም፤ ከታች ወደቀች። ጅቡም በፈፋው የታች መግቢያ ዞሮ ደረሰባት። ታናሺቱ ማዶ ቆማ የእህቷን ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ሰማች።

አለቀሰች። አልቅሳ ሲወጣላት «ከእንግዲህ ሆዴ አይጥለኝም» አለች። አህያ ደግሞ እምቢ ካለች እምቢ ነው፤ ይህን ጭኖ የነዳት ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አውድማውን ተወች። ማለዳ ማለዳ ኮረብታውን ትወጣለች፤ ስትወርድ በየድንጋዩ ሥር የበቀለውን ደረቅ ሣር ትነጫለች፤ ከዚያ ፈፋው ከሚጠብበት ቦታ ላይ ትዘላለች። መጀመሪያ ሰሞን በዘለለች ቁጥር የኋላ እግሮቿ አፋፉን ይንዱትና ጠጠሩ እየተንጋጋ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ጆሮዎቿን አቁማ ጠጠሩን ታዳምጣለች። ጠጠር ከወረደ ገና ናት ማለት ነው። በጋው አለፈ። ክረምቱ መጣና መስኩ ለመለመ፤ ይሄ ከሁሉ የባሰ ፈተና ነበር። እሷ ግን የሚበቃትን ግጣ ቀና ትላለች። መስከረም ሲጠባ፣ አንድ ማለዳ፣ ሰፊውን ቦታ ዘለለች። አንዲት ጠጠር እንኳ አልወረደችም።

«ደረስኩ!» ብላ አናፋች። ያን ዕለት ማናፋቷ መንደሩን ሁሉ ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው።

አያ ጅቦ ይህን አላወቀም። እንደ ልማዱ መጥቶ አባረራት፤ አህያዋም ፈፋውን ተሻግራ ማዶ ቆመች። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ ወደ ቀበሮ ዘንድ ሄደ።

«እመት ቀበሮ፣ ያቺ አህያ ክንፍ አወጣች እንዴ?»

«ክንፍ አላወጣችም፤ ሆዷን አራገፈች እንጂ።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሁን? በረሃብ ልሙት?»

«ስማኝ አያ ጅቦ» አለች ቀበሮ። «እስከ ዛሬ እግሯን ስትከተል ኖርክ። አሁን ሆዷን ተከተል። አንተ ሣርና እሸት ታመጣለህ፤ እኔ አበላታለሁ። ከብዳ መዝለል ሲያቅታት ያንተ ናት። አንዱን ጭን ግን ለእኔ ትተዋለህ።»

«እኔ? ጅብ የጅብ ልጅ፣ ለአህያ ሣር ልሸከም? ዘመዶቼ ቢያዩኝስ?»

«ዘመዶችህ የሚያዩህ ስትበላ ነው።»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ ስለማይሆንለት ቶሎ አቆመና «የትኛውን ጭን ነው የምትወስጂው?» አለ።

በማግስቱ ቀበሮ ወደ አህያዋ ሄደች። ገና ከሩቅ ስታያት ደረቷን መታች።

«ውይ በሞትኩት! ምን ነካሽ እህት ዓለም? አሞሽ ነበር? እንዴት ነው እንዲህ የከሳሽው!»

«ምንም አላመመኝ፤ አስቤበት ነው» አለች አህያዋ ኮራ ብላ። «አሁን ፈፋውን ስዘል ጠጠር እንኳ አይወርድም።»

«እንደሱ ነው እንዴ? እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ! ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር ሳይደገስለት ይቀራል? እንቺ፣ የገብስ እሸት ነው።»

«አይ፣ በልቻለሁ። ይበቃኛል።»

«በሞቴ!»

እንግዲህ በሞቴ የተባለ ምን ያደርጋል? አህያዋ አፏን ከፈተች። ቀበሮም «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሁለተኛ አጎረሰቻት፤ ሁለተኛው ሦስተኛውን ጠራ። እሸቱም ይጣፍጥ ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባም።

ከዚያ ወዲያ ቀበሮ በየማለዳው መምጣት ጀመረች። አህያዋ ወደ ኮረብታው ልትነሳ ስትል «ወዴት ነው?» ትላታለች። «ደርሰሻል አይደል? ቤቱ የገባ መንገደኛ ጓዙን ያወርዳል እንጂ ተመልሶ መንገድ ይወጣል?» አህያዋም «እውነቷን ነው» ትላለች፤ ምክንያቱም እሷም በልቧ እንደዚያው ታስብ ነበር። አንድ ቀን ዘነበ ብላ ኮረብታውን ተወችው። አንድ ቀን ደከመኝ አለች። ኋላማ ምክንያት መፈለጉንም ተወችው። የመስኩ እንስሳት «አሁን ገና አህያ መሰልሽ!» እያሉ አመሰገኗት።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ያን ሁሉ ሣር ያቺ ትንሽ ቀበሮ ከየት እንደምታመጣው አህያዋ አልጠየቀችም። የጠገበ ሆድ አይጠይቅም።

አንድ ማለዳ ቀበሮ ዘገየች። የአህያዋ ሆድ ግን አልዘገየም። «ለምን መንገድ ላይ አልቀበላትም?» ብላ እየተጎተተች ሄደች። ከትልቁ ቋጥኝ አጠገብ ስትደርስ የሚያለከልክ ነገር ሰማች። ከቁጥቋጦ ሥር አጮልቃ ብታይ፣ አንድ ግዙፍ የሣር ሸክም ወደ ቋጥኙ እየተንገዳገደ ይመጣል። ከሸክሙ ፊት የአያ ጅቦ ራስ ተንጠልጥሏል።

ገመዱን አሳስቶ አስሮት ጀርባው ተልጧል። አህያ ናትና፣ ሸክም ምን እንደሆነ ታውቃለችና፣ መጀመሪያ አዘነችለት። ወዲያው ግን ነገሩ ከነከናት። ጅብ ሣር አይበላም፤ ታዲያ ለማን ነው የሚሸከመው?

«እስከ መቼ ነው?» አለ አያ ጅቦ ሸክሙን እየጣለ። «ወገቤ ተቆረጠ እኮ!»

«ትንሽ ታገሥ» አለች ከቋጥኙ ጀርባ የወጣችው ቀበሮ። «ሆዷ መሬት ሊነካ ምን ቀረው? መዝለሉንም እርግፍ አድርጋ ትታዋለች።»

«ጮማው ጎኗ ላይ ነው የወጣው ወይስ ታፋዋ ላይ?»

አህያዋ ድምፅ ሳታሰማ አፈገፈገችና በቀጥታ ወደ ፈፋው ሄደች። ጀማሪ ሳለች ከምትዘልበት ከጠባቡ ቦታ ላይ ዘለለች። መሻገሩን ተሻገረች፤ ጠጠሩ ግን ከኋላዋ እየተንጋጋ ወረደ። ወርዶ እስኪያበቃ ድረስ አዳመጠችው። የሚወርደው እህቷ ወደ ወደቀችበት ነበር። አፈረች፤ ፈራችም፤ ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ አላወቀችም።

«መድረስማ ደርሼ ነበር» አለች ለራሷ። «ደርሼ ተቀመጥኩ፤ ጥፋቴ እሱ ነው።»

ስትመለስ ቀበሮ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«የት ጠፋሽ? ዛሬ ደግሞ የአተር እሸት ነው!»

«አልበላም።»

«በሞቴ!»

«አልበላም።»

«አፈር ስሆን! ኋላ እቀየምሻለሁ!»

ያቺን አንዲት ቃል እምቢ ማለት ፈፋውን ከመዝለል በላይ አህያዋን ከበዳት። ቢሆንም አራት እግሯን ተከለች።

«ተቀየሚ» አለች። «በሞቴ የምትይው አንቺ፣ የምሞተው እኔ! እምቢ ብያለሁ።»

ቀበሮ ሮጣ ወደ አያ ጅቦ ሄደች። «ነቅታብናለች! ዛሬውኑ ያዛት። ከዛሬ የበለጠ አትከብድም!»

አያ ጅቦ ግን ጅብ ነው። «ዛሬ? ይህን ሁሉ ቀን ተሸክሜ፣ ጮማው ሊሞላ ሲል?» አለ። «ዛሬ ያኮረፈች ነገ ትበላለች። እኔ እጨምርላታለሁ።»

ጨመረ። ሣሩን፣ እሸቱን፣ ኋላም የገብሱን ነዶ እያመጣ ሌላ አደን ሳያድን ከረመ። ቀበሮ አጉርሳ ማባበል ቢያቅታት ሁሉንም በአህያዋ በር ላይ ከመረችው። አህያዋ በየማለዳው ከዚያ ክምር አጠገብ አልፋ ኮረብታውን ትወጣለች። ሽታው ይጠራታል፤ ሆዷም አቤት ይላል፤ እግሯ ግን አይቆምም። ሁለተኛው መክሳት ከመጀመሪያው ይከብድ ነበር። ያኔ ያላየቻቸውን ጣዕሞች አሁን ታውቃቸዋለች። የመስኩ እንስሳትም «ምነው ደግሞ ከሳሽ? ምን ሆንሽ?» እያሉ ይከቧታል። «ደህና ነኝ» ትላቸውና ታልፋለች። አንዳንድ ቀን ሆዷ አሸንፏት ከክምሩ አንድ አፍ የነጨችበት ጊዜ ነበር። በዚያም ቀን ቢሆን ኮረብታውን አልቀረችም።

እህቷ የሞተችበት ወራት ዞሮ መጣ፤ በአውድማው ላይ ውቂያ ተጀመረ። አያ ጅቦ አንድ አመሻሽ ሸክሙን ይዞ እስከ አህያዋ በር ሲመጣ ክምሩን ተመለከተ። ከላይ ደርቋል፤ ከሥር ሻግቷል። ከአንድ ሁለት አፍ በቀር የተነካ ነገር የለም። ያ የተመኘው ጮማ መቅለጡ ያኔ ገባው።

«ወገቤን!» ብሎ ሸክሙን ጣለና ተነሣባት።

አህያዋ ሮጠች። መስኩን አቋርጣ ወደ ሰፊው ቦታ ገሰገሰች። የጅቡ ትንፋሽ ከጭራዋ ሥር ይሰማታል። አፋፉ ላይ ስትደርስ ስለ እህቷ አላሰበችም፤ እግሯ የለመደውን አደረገ። ዘለለች። ማዶ አረፈች። ከኋላዋ ምንም አልወረደም።

አያ ጅቦ አፋፉ ላይ ቆሞ የገዛ ጎድኑን አየ። አጥንቱ ይቆጠር ነበር። «እሷ ከስታ ከዘለለች፣ እኔስ መቼ ወፈርኩ?» አለ። ዘለለም። መክሳቱ እውነት ነው፤ ግን ረሃብና ሸክም ያከሳው እግር ምን ጉልበት አለው? ፈፋው መሃል ላይ ጠብ አለ። በታች መግቢያው በኩል አንድ እግሩን እየጎተተ ወጣ። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» ይባላል፤ ይህኛው ሳይነክስ አንክሶ ቀረ።

በማግስቱ ማለዳ ማን መጣ ብትሉ፣ ቀበሮ። አዲስ የተወቃ ገብስ ይዛ፣ ጥርሷን ሁሉ እያሳየች መጣች።

«እሰይ እህት ዓለም! ጠላትሽ ተሰበረልሽ! እንግዲህ አለቀ፤ ከእንግዲህ የሚያባርርሽ የለም። አሁን አረፍ በይ፣ ይደገስልሽ። በሞቴ፣ ዛሬ እንኳ!»

አህያዋ ገብሱን አየችው። ወርቅ ይመስላል። ምራቋን ዋጠች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ኮረብታውን ወጣች። ስትመለስ ፈፋው ዳር ቆመች። መስኩ ባዶ ነበር፤ ከኋላዋ ማንም አልነበረም። ዘለለች፤ ከዚያም ጆሮዎቿን አቁማ አዳመጠች።

ከዚህ የምንማረው ካሰቡበት መድረስ ደስታው የአንድ ማለዳ ሲሆን፣ እዚያው ጸንቶ መቆየት ግን የሚያባርር በሌለበት ቀን እንኳ የማይታጎል የየማለዳ ሥራ መሆኑን ነው።