መድኃኒት ያወዳደረው አህያ

አባቴ ነፍሱን ይማረውና፣ «የታመመውን ሳታይ መድኃኒት አትምረጥ» እያለ ነው ያሳደገኝ። የእኔ ትምህርት ከዳዊት አላለፈም፤ የማወራላችሁም ከእሱ የሰማሁትን ነው። ጠጋ በሉ፣ ልጆች።

በድሮ ዘመን፣ አራዊት ሁሉ እንደ እኛ ሲያወሩ፣ ሦስት ጎረቤታሞች ነበሩ። አህያ ጉልበታም ግን የዋህ፣ ጦጢት ብልጥ ግን ሆዳም፣ ኤሊ ዝግተኛ ግን እውነተኛ።

ድርቅ ገባና አራዊቱ ወደ ትልቁ ወንዝ ሊሰደዱ ተሰናዱ። ወደ ኋላ የቀረ የአያ ጅቦ ራት ነው። መሄጃው ሲቃረብ አህያ ቁልቁለት ሲወርድ የፊት ቀኝ እግሩን ወለም አለው።

ኤሊ መጣ። «ቀዝቃዛ ጭቃ ልለጥፍልህ፤ አንተ ግን ጋደም በል» አለው።

ጦጢት መጣች። «ጭቃ? ኧረ ተው፣ የኔ ጌታ! እኔ ሦስት መድኃኒት አለኝ፤ ቅጠል፣ ሥር፣ ቅባት። ዋጋው ያችው የገብስ ስልቻህ ናት።»

አህያ አሰበ። ማሰብ አልለመደበትም። «ፍርደ ገምድል አልሆንም፤ አወዳድሬ ነው የምመርጠው» አለ።

«ጎሽ!» አለች ጦጢት። «አራት እግር፣ አራት መድኃኒት። ለኤሊ ክብር እንስጠውና የእሱ በታመመው ላይ ይሁን። የእኔን በቀሩት እቀባልሃለሁ።»

ሲነጋ አህያ እግሮቹን ጠየቀ።

«ቅጠል የተቀባኸው፣ ያምሃል?»
«ኧረ ምንም!»
«ሥር የተቀባኸውስ?»
«ኧረ ምንም!»
«ቅባት የተቀባኸውስ?»
«ኧረ ምንም!»
«ጭቃ የተለጠፈብህስ?»
«ዋይ! ዋይ!»

«መርዘኛ!» ብሎ ኤሊን አባረረው። ጭቃውን አራገፈ፣ ስልቻውን ለጦጢት ሰጠ፣ ሊሮጥ ተነሣ። ቁርጭምጭሚቱ ቅል አከለ።

ጦጢት ደግሞ ስልቻውን ይዛ ዛፍ ስትወጣ ከበዳትና ወደቀች። እሷንም እግሯን ወለም አላት። «ዋይ! ኤሊን ጥሩልኝ! ጭቃ! ጭቃ!»

አህያ ገረመው። «እመት ጦጢት፣ ሦስቱ መድኃኒትሽስ?»

«እነሱማ ለጤነኛ እግር ናቸው!» አለች፣ አምልጧት።

ኤሊ ቀስ እያለ ተመለሰ። ቂም አልያዘም፤ ለሁለቱም ለጠፈላቸው። አህያ አሁን ጋደም አለ፣ እብጠቱ ጎደለለት፣ ከአያ ጅቦ ቀድሞ ወንዙ ደረሰ። ጦጢት እያነከሰች፣ የገብሱን ስልቻ ተሸክማለት ከኋላው ሄደች።

እንግዲህ ልጆች፣ ጤነኛውን ያዳነ መድኃኒት ማንንም አላዳነም።

ይህን ስንት ዓመት አውርቼ፣ በአህያው ስቄ! ዘንድሮ ቅዳሴ ሄጄ ስመለስ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ወለም አለኝ። «ክኒን ይሻላል ወይስ ቅባት?» እያልኩ የፋርማሲዋን ልጅ አደከምኳት። ቅባቱን ገዝቼ የፋርማሲው ደጅ ላይ ተቀመጥኩ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፣ ጫማዬን አውልቄ አሸሁት አሸሁት። «ተመስገን፣ ወዲያው ተወኝ!» አልኩ ጮክ ብዬ። አጠገቤ የነበረ የማላውቀው ሰው ጎንበስ ብሎ አየና እንዲህ አለኝ፦

«አባባ፣ ያበጠው እኮ ያኛው እግርዎ ነው።»